ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥልን

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ ለሰበካ ጉባኤዎች፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ለእድር ዳኞችና ለአማርኛ ሬዲዮ አዘጋጆች በሙሉ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። የምኖረው ዊተን፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ ሰፈር 19 ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጎረቤቶቼ ነው። እኛ በልማድ «ስፓኒሾቹ» ስለምንላቸው፣ እነሱ ግን ራሳቸውን ላቲኖ ብለው ስለሚጠሩ ሰዎች። ከእነሱ ያየሁትንና ያነበብኩትን ልንገራችሁና መጨረሻ ላይ ስለ መራጭ ምዝገባ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀኑም ዓመተ ምህረቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላጥብ ወደ ሕንጻችን ምድር ቤት ወረድኩ። ሎንድሪው እንደ ወትሮው ሰው ሞልቶታል። ከማድረቂያዎቹ አጠገብ የሦስተኛ ፎቋ የሳልቫዶር ጎረቤቴ ልጅ ቆማለች። 18 ዓመት ከሞላት ገና ወሯ ነው። ቅጽ የተያያዘበት ሰሌዳ ክንዷ ላይ አቅፋለች፣ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታለች። ቅርጫት ይዞ የሚገባውን ሁሉ፣ መጀመሪያ በስፓኒሽ፣ ካልሆነ በእንግሊዝኛ፣ ሲቲዝን መሆኑንና ለምርጫ መመዝገቡን ትጠይቃለች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ሲቲዝን ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ እንደሆነ ነገርኳት። ድምፅ ሰጥቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? መሬት መሬት አየሁ።

ቅጹን የማጠቢያው ማሽን ላይ ዘርግቼ ሞላሁት። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ፊርማ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላደርገው የቀረሁት ነገር ልብሴ ታጥቦ ሳያልቅ አለቀ።

እናቷን በደንብ አውቃታለሁ። ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። እሷ እዚህ እያለች ኤል ሳልቫዶር በ2001 በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታችና ቲፒኤስ፣ ማለትም አገሩ አደጋ ለደረሰበት ሰው የሚሰጠውን ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አገኘች። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ያንኑ ጊዜያዊ ወረቀት እያሳደሰች ትኖራለች። ግብር ትከፍላለች፣ ድምፅ ግን የላትም። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ከዚያ ቤት የመጀመሪያዋ መራጭ እሷ ነች። ቅጼን ስትቀበለኝ «እኔ የምመርጠው ለሁለታችን ነው» አለችኝ።

ይህችን ልጅ በሚሊዮን አባዟትና የዛሬዋን አሜሪካ ታያላችሁ። በ1980 ቆጠራ ላቲኖዎች 14.6 ሚሊዮን ነበሩ። በ2000 35.3 ሚሊዮን ሆኑ። በ2020 ደግሞ 62.1 ሚሊዮን ደረሱ፤ ከመቶው ሕዝብ 18.7 ማለት ነው። ከ2010 እስከ 2020 በአሜሪካ ሕዝብ ላይ ከተጨመረው ውስጥ ከግማሽ በላዩ የእነሱ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በዚያ ቆጠራ ነጮች 39.7 ከመቶ፣ ላቲኖዎች 39.3 ከመቶ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ላቲኖዎቹ በለጡ።

ብዙዎቻችን ይህ ሁሉ ሰው በድንበር የገባ ይመስለናል። መነሻው በርግጥ ስደት ነው። ከ1942 እስከ 1964 የሜክሲኮ ገበሬዎች በብራሴሮ ፕሮግራም በኮንትራት እየመጡ የካሊፎርኒያንና የቴክሳስን እርሻ ሲያለሙ ኖረዋል። በ1980ዎቹ የኤል ሳልቫዶርና የጓቲማላ ጦርነት ብዙ ሰው አፈናቀለ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን በፈረሙት ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት አገኘ፤ አብዛኛው ሜክሲኳዊ ነበር። ከ2000 ወዲህ ግን ቁጥሩን በዋናነት የሚያሳድገው እዚህ የሚወለደው ልጅ ነው። ዛሬ ከአምስት ላቲኖ አራቱ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው። በ2020 የመምረጥ መብት የነበራቸው 32.3 ሚሊዮን ነበሩ፣ በ2024 36.2 ሚሊዮን ሆኑ። በአራት ዓመት ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ መራጭ! ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ጎረቤቴ ልጅ 18 ዓመት የሞላቸው ናቸው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ቁጥሩ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ ጉልበቱ እኩል አላደገም። በ2020 ምርጫ መምረጥ ከሚችሉት ላቲኖዎች ድምፅ የሰጡት 53.7 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከነጮቹ 70.9 ከመቶ ወጥተው መርጠዋል። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ላቲኖና አንድ ሚሊዮን ነጭ ምርጫ ጣቢያ ሲደርሱ እኩል አይደሉም። ከላቲኖዎቹ ግማሽ የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ ሥራ ላይ ነው፣ አንዱ አልተመዘገበም፣ አንዱ «የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል» ብሏል። እንደ እኔ መሬት መሬት የሚያይም አይጠፋም።

ይህን ክፍተት ቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ዊሊ ቬላስኬዝ ይባላል። ያደገው ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ነው። በ1974 የላቲኖ መራጮችን የሚመዘግብ ድርጅት አቋቋመ። የሳን አንቶኒዮ ምዕራባዊ ክፍል ያኔ ዝናብ በመጣ ቁጥር በጎርፍ የሚጥለቀለቅ የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር ነው። መንገዱ አስፋልት የለው፣ ቦዩ አልተሠራ። ቬላስኬዝ በር እያንኳኳ ስለ ዋይት ሐውስ አላወራም። ስለ ቦዩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ነው ያወራው። ሰው ደጁ ላይ ያለውን ችግር ለመፍታት ከሆነ ይመዘገባል። የምርጫ ወረዳው ሆን ተብሎ ድምፃቸውን እንዲበትን በተሰመረበት ቦታ ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1981 ሄንሪ ሲስኔሮስ የሳን አንቶኒዮ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ቬላስኬዝ በ1988 በካንሰር ሞተ፤ ገና 44 ዓመቱ ነበር። በ1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የአገሪቱን ትልቁን የሲቪል ሜዳሊያ በስሙ ሰጡ።

መፈክሩ «ሱ ቮቶ ኤስ ሱ ቮስ» ነበር። የምርጫ ድምፅዎ አንደበትዎ ነው እንደማለት ነው። በስፓኒሽ ቮቶና ቮስ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ሰውየው እነሱን ለማገናኘት መፈክር መሥራት ነበረበት። እኛ ዘንድ ከካርዱም ከጉሮሮውም የሚወጣው ያው «ድምፅ» ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን ብቻዬን ስገረም ዋልኩ።

ካሊፎርኒያ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በ1994 «ፕሮፖዚሽን 187» የሚባል ሕግ ለሕዝብ ውሳኔ ቀረበ። ወረቀት የሌለው ሰው ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳያስገባ፣ ከድንገተኛ በቀር ሕክምና እንዳያገኝ የሚከለክል ነው። የሪፐብሊካኑ ገዥ ፒት ዊልሰን ለድጋሚ ምርጫ ሲወዳደሩ ይህንኑ ይዘው ተነሱ። ሕጉ በ59 ከመቶ ድምፅ አለፈ። በኋላ ፍርድ ቤት አገደው። ነገር ግን የተዋረደው ሰው ዝም አላለም። ለዓመታት ግሪን ካርዳቸውን ይዘው የተቀመጡ እናቶችና አባቶች ለዜግነት ተሰለፉ። ዜጋ ሲሆኑ ተመዘገቡ፣ ሲመዘገቡ መረጡ። ሪፐብሊካኖቹ ፕሬዚዳንቶች ሬገንና ኒክሰን የወጡባት ካሊፎርኒያ ዛሬ ሪፐብሊካን ገዥ ሊሆንባት የሚቸገር ግዛት ነች። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አንዱ ግን ይህ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ወጣት ከኤምአይቲ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሎስ አንጀለስ ቤቱ ተመለሰ። አባቱ ምግብ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ፣ እናቱ የሰው ቤት የሚያጸዱ የሜክሲኮ ስደተኞች ናቸው። ስለ ወላጆቹ በቴሌቪዥን የሚባለውን ሲሰማ ምህንድስናውን ትቶ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። አሌክስ ፓዲያ ይባላል። ዛሬ የካሊፎርኒያ ሴናተር ነው፤ ከግዛቷ ላቲኖዎች የመጀመሪያው። ልጃችን ኢንጂነር ወይም ሐኪም ይሁንልን ብለን ሌት ተቀን የምንሠራ ወላጆች ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ብንነግራቸው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ከካሊፎርኒያ በኋላ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ሠራ። የላቲኖ ቁጥር ባደገ ልክ ዴሞክራቶች ያሸንፋሉ ብሎ ሒሳቡን ዘጋው። ዴሞክራቶቹም ይህን አመኑ። ጎረቤቶቼን ግን ማንም በኪሱ አልያዛቸውም። በ2012 ከአሥር ላቲኖ ሰባቱ ኦባማን መረጡ። በ2024 ግን ከመራጮቹ ግማሽ የሚጠጋው ለዶናልድ ትራምፕ ድምፁን ሰጠ። ስታር ካውንቲ የሚባል ቦታ አለ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር። ነዋሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ላቲኖ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን 79 ከመቶ አግኝታበታለች። በ2024 ትራምፕ አሸነፈበት። ሪፐብሊካን እዚያ ካሸነፈ ከ1892 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የፍሎሪዳው ማያሚ ዴድም እንደዚሁ ተገለበጠ።

ምክንያቱን ከጎረቤቶቼ አፍ ሰምቻለሁ። የእንቁላል ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ የቤንዚን ዋጋ። እኛስ በዚያ ሰሞን ቡና ላይ የምናወራው ሌላ ነበር? የኮንስትራክሽን ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው፣ እሱም ከእኔው ሕንጻ ነው፣ «ስለ ድንበር ብቻ ነው የሚያወሩኝ፣ እኔ ግን ስለ ኪራዬ ነው የማስበው» ብሎኛል። ሰውየው ትክክል ነው። እንደዚሁ በዚያው ምርጫ አሪዞና ላይ ትራምፕ ሲያሸንፍ ለሴናተርነት ያሸነፈው ዴሞክራቱ ሩበን ጋዬጎ ነው፤ ከአሪዞና የመጀመሪያው ላቲኖ ሴናተር። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ፓርቲ የመረጠ ሰው አለ ማለት ነው። በ2025 ኅዳር ደግሞ በኒው ጀርሲ የገዥ ምርጫ፣ ላቲኖ የሚበዛበትና ከዓመት በፊት ለትራምፕ የሄደው ፓሴይክ ካውንቲ ወደ ዴሞክራቶቹ ተመለሰ። አሁን ሁለቱም ፓርቲ ደጃቸውን ይጠናል። ደጁ የሚጠና ሰው ደግሞ ይከበራል።

«አንድ ናቸው እኮ፣ እኛ ግን ተከፋፍለናል» የሚል ሰው ስሰማ እገረማለሁ። ላቲኖዎች አንድ ሆነው አያውቁም። ፖርቶሪካኖች ከ1917 ጀምሮ ዜጋ ናቸው፣ ደሴታቸው ላይ ሲኖሩ ፕሬዚዳንት መምረጥ አይችሉም፣ ፔንሲልቬንያ ሲገቡ ግን ይመርጣሉ። ኩባዎች በ1966 የተለየ ሕግ ወጣላቸውና ለብዙ ዓመታት ወረቀት ቶሎ ሲያገኙ ኖረዋል። የቴክሳስ ሜክሲኮዎች ውስጥ ቴክሳስ አሜሪካ ከመሆኗ በፊት እዚያው የነበሩ አሉ። አገር ቤት በጦርነት የተጋደሉ የሳልቫዶር ሁለት ወገኖች ልጆች እዚህ ሰፈር በአንድ ሱቅ ይገበያያሉ። ባንድ ፓርቲም አይስማሙም። መመዝገብ ላይ ግን አይጣሉም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በ2020 ቆጠራ ራሱን ኢትዮጵያዊ ብሎ የጻፈው ከ325 ሺህ በላይ ነው። ቅጹ ላይ እንደ ምሳሌ ከታተሙት የትውልድ ስሞች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ነበር፤ ስንቶቻችን አየነው? ላቲኖዎች በዚያ ቆጠራ ወደ አምስት ከመቶ የሚጠጉት ሳይቆጠሩ እንደቀሩ የቆጠራ ቢሮው ራሱ ደርሶበታል። እኛ ዘንድ በአንድ ቤዝመንት ሁለት ቤተሰብ እየኖረ ፖስታው ሳይከፈት ቆሻሻ ውስጥ የገባበትን ቤት አውቃለሁ። ያልተቆጠረ ሰው ትምህርት ቤትም አይሠራለትም፣ የአውቶቡስ መስመርም አይመጣለትም።

ሌላም አለ። በ1975 የምርጫ መብት ሕጉ ሲታደስ የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተደነገገ። የምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም በዚህ ሕግ መሠረት በስፓኒሽ ያዘጋጃል። ሕጉ የሚሸፍነው ግን ስፓኒሽን፣ የእስያ ቋንቋዎችንና የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ የለበትም። ሚሊዮን ብንሆንም በዚህ ሕግ አማርኛ አይገባም። ያኔ የነበርነው ስንት ነን፣ ማንስ ይናገርልን?

ዲሲ ላይ ግን ነገሩ የተለየ ነው። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ያካትታል። ብዙ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ቅጽ በአማርኛ የምታገኙት በዚህ ነው። ወደኋላ ብንሄድ፣ ግንቦት 5 ቀን 1991 ማውንት ፕሌዘንት ላይ አንዲት ፖሊስ አንድ የሳልቫዶር ሰው ተኩሳ አቆሰለች። ሰፈሩ ለቀናት ነደደ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከእኛ የአዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ቦታ ነው፤ በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጭሱን ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን መርምሮ በ1993 ባወጣው ሪፖርት ከተማው ላቲኖዎችን ችላ ማለቱን፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ፖሊስና ሠራተኛ በጣም ጥቂት እንደሆነ ጻፈ። ላቲኖዎቹ ሪፖርቱን መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ አልተዉትም። ከሌሎች ስደተኞች ጋር ሆነው ለዓመታት ምክር ቤቱን ወተወቱ፤ በ2004 ሕጉ ሲወጣ አማርኛም ገባ። ዛሬ እናቴ በምታነበው ቋንቋ ቅጽ ስታገኝ ከዚያ ልፋት የደረሳት ድርሻ ነው።

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እየተባልን ያደግን ሰዎች መሆናችንን አውቃለሁ። ያ ምክር አገር ቤት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ አባቶቻችንን አልወቅስም። ግን እዚህም ቢሆን ስንፈልግ እንችላለን። በ2018 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀውን ኤችአር 128 ሲያሳልፍ፣ ከዋና ገፋፊዎቹ አንዱ የኦሮራ፣ ኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ነበር። ኦሮራ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያዊ መራጭ አለ። ሰውየው ያንን ቁጥር ያውቀዋል። ለአገር ቤት ጉዳይ የተጠቀምንበትን ጉልበት ለሰፈራችን ትምህርት ቤት፣ ለታክሲና ለፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ለቤት ኪራዩ ለምን አናውለውም?

ሰዉ የማይመዘገብባቸውን ምክንያቶችም ሰብስቤያለሁ። አንዱ ጁሪ ነው፤ ተራ ዜጋ ፍርድ ቤት ተጠርቶ በፍርድ የሚቀመጥበት ግዴታ። «ከተመዘገብኩ ለጁሪ ይጠሩኛል፣ ሥራዬን አጣለሁ» ይላል ብዙ ሰው። ሜሪላንድ ውስጥ የጁሪ ስም ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ይወጣል። መኪና የምትነዱ ከሆነ ስማችሁ እዚያ አለ። ሁለተኛው ለአረጋውያን ነው። «እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ዜግነት አትወስድም» እንላለን። 55 ዓመት የሞላው ሰው በግሪን ካርድ 15 ዓመት ከኖረ፣ ወይም 50 የሞላው 20 ዓመት ከኖረ፣ የዜግነቱን ቃለ መጠይቅ በአስተርጓሚ በአማርኛ መውሰድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ስንት ቤት አለ! ማመልከቻው በወረቀት 760 ዶላር፣ በኦንላይን 710 ዶላር ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ቅናሽ ወይም ነፃ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፌዴራልና ለግዛት ምርጫ ፈጽሞ መመዝገብ የለበትም። ግሪን ካርድም፣ ቲፒኤስም፣ የጥገኝነት ወረቀትም አይበቃም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያነቡ እሺ ያሉ ሰዎች መዘዝ ውስጥ ገብተዋል፤ እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ መሆን አለበት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ሰዉ በሚገባው ቋንቋ።

ልመናዬ ይኸው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ወይም አዳራሹ በር ላይ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ላይ፣ በእድር ስብሰባ ቀን መግቢያው ላይ አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡልን። ሕጉ ይፈቅዳል። ቤተ እምነት ወይም በጎ አድራጎት ማኅበር መራጭ ማስመዝገብ ይችላል። የሚከለከለው «እገሌን ምረጡ» ማለት ነው፤ ያንን ማንም አይልም። አንድ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ይህን ጠይቄ «ፖለቲካ አናስገባም» ተብያለሁ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፣ ግን ደግመው እንዲያስቡበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ሬዲዮ አዘጋጆች ደግሞ በሳምንት አምስት ደቂቃ ብትሰጡን ስለ ዜግነት ማመልከቻውና ስለ መመዝገቢያው ቀን ብቻ እንናገር።

ታጣፊ ጠረጴዛ አለኝ። እስክሪብቶም እገዛለሁ። የጎረቤቴ ልጅ አሁን ኮሌጅ ገብታለች፤ ቅጽ አሞላሉን ለወጣቶቻችን ልታሠለጥን ቃል ገብታልኛለች። ሦስት እሁዶችና ሁለት ዓርቦች ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። የትኛው በር ላይ እንደምቀመጥ የምትነግሩኝን እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የዊተን ነዋሪ